ከኮሜዲ መድረክ ወደ ምርመራ ዘጋቢ ፊልም፦ ተመልካች ያምነኛል?

የመድረክ ሰው (ለገጣፎ)

የምተዳደረው በሠርግ፣ በሆቴልና በበዓል ዝግጅቶች ላይ ሰው በማሳቅ ነው። አሁን ግን ከመድረክ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ጉዳይ ይዞኛል። ከእኛ ሠፈር አልፎ በሰንዳፋ በኩል ለአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ በብዙ ገንዘብ የተሠራው ቦታ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ከወራት በኋላ መቆሙን፣ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ መመለሱን፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ታስታውሳላችሁ። ቦታው ሲመረጥ ለገበሬዎቹ ምን እንደተነገራቸውና በምን እንደተስማሙ ከሰነድም ከሰውም አሰባስቤ የምርመራ ዘጋቢ ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ። ሆኖም ገበሬዎቹ ገና አፌን ሳልከፍት ይስቃሉ፤ የቢሮ ኃላፊዎችም ጥያቄዬን የቀልድ መነሻ አድርገው የሚያዩት ይመስለኛል። በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች አሉን? ከሙያዬ የቱን ልያዝ፣ የቱንስ ልተው?

የቀድሞ ዘጋቢ

ወንድማችን፣ መንገዱ ሰው ያለፈበት ነው። እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ማርክ ቶማስ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቻነል 4 በሚያቀርበው ፕሮግራም የጦር መሣሪያ ንግድን ይከታተል ነበር፤ አቴንስ ውስጥ በተካሄደ የጦር መሣሪያ ዐውደ ርእይ ላይ የሕዝብ ግንኙነት አማካሪ መስሎ ገብቶ የሰብአዊ መብት ወቀሳ እንዴት እንደሚመለስ ሲያሠለጥን፣ አንድ የኢንዶኔዥያ ከፍተኛ መኮንን ሠራዊታቸው ሰው እንደሚያሠቃይ በካሜራ ፊት አመነ። ይህን ያስገኘለት የተዋናይነት ችሎታው ነው። ዘዴው ግን ለእርስዎ ጉዳይ አይሆንም ባይ ነኝ፤ እርሱ ያታለለው ጠብመንጃና ሥልጣን የያዙትን ሲሆን፣ እርስዎ አስቀድመው የሚያነጋግሩት መሬታቸው ለሥራው የተወሰደባቸውን ሰዎች ነውና።

ለእርስዎ የሚቀርበው አውስትራሊያዊው ክሬግ ሩካስል ነው። ቼዘር በተባለው የቀልድ ቡድን ፖለቲከኞችን ሲያፋጥጥ ከቆየ በኋላ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በኤቢሲ ቴሌቪዥን ስለ ብክነትና ቆሻሻ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም አቀረበ። ሜልበርን ውስጥ አንድ ትራም በ50,000 የቡና ኩባያ ሞልቶ አገሬው በየጊዜው የሚጥለውን ብዛት በዓይን አሳየ።

የሚተዉት ነገር ማጋነንን ነው። በመድረክ አንድን ሹም እጥፍ አድርጎ ማሳየት ያስጨበጭባል፤ በምርመራ ፊልም ግን አንዲት የተጋነነች ቁጥር እውነተኞቹን ሁሉ ይዛ ትወድቃለች። ስለዚህ እያንዳንዱን አባባል ከሰነድና ከሌላ ምስክር ጋር ያመሳክሩ፤ ያልተቆረጠውን ቀረጻም ከአንድ በላይ ቦታ ያስቀምጡ። የሚይዙት ደግሞ ዝምታን ነው። ጥሩ ኮሜዲያን ሳቁ እስኪመጣ መታገሥ ያውቃል፤ ባለሥልጣኑም የተዘጋጀበትን መልስ ሲጨርስ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ካልደረቡበት፣ ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ትዕግሥት ብዙ ጋዜጠኞች ሳያገኙት ጡረታ ይወጣሉ።

የሕግ ሰው

ስለ ቢሮዎቹ ብቻ ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጋዜጠኛ መሆን አይጠበቅብዎትም። ጥያቄውን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አስገብተው ቀን ያለበት ማረጋገጫ ይቀበሉ። ከተከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላሉ። በደብዳቤ የቀረበ ጥያቄን እንደ ቀልድ ማለፍ ከባድ ነው፤ ቢታለፍም ደብዳቤው ራሱ የፊልሙ ማስረጃ ይሆናል።

የሰንዳፋ ልጅ

ገበሬዎቹ የሚስቁት ስለናቁዎት አይደለም፤ በቴሌቪዥን ያዩት ሰው ደጃቸው በመቆሙ ደስ ብሏቸው ነው። እኛ አገር በቀልድ የታወቀ ሰው ቁም ነገር ሲይዝ ሕዝቡ ተቀብሎት ያውቃል። አለባቸው ተካ ከልመነህ ታደሰ ጋር ሲያስቀን ኖሮ በአለቤ ሾው የችግረኞችን ጉዳይ ሲያቀርብ ማን «ይህ ቀልደኛ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረበት? እንዲያውም የሚወደድ ሰው ስለነበረ ሰዎች ለሌላ የማይነግሩትን ይነግሩት ነበር።

በሁለት ነገር ግን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ በእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች የልባቸውን የሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማይችሉ ከሆነ አስተርጓሚ ብቻ ይዘው አይምጡ፤ ኤዲቲንግ ላይም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ንግግሩ አለቦታው ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ የቀድሞ ዘጋቢ ያነሱት የኩባያ ትራም ለሜልበርን ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ቆሼ ላይ ግን ሰው ሞቶበታልና ክምሩን ለትርኢት ማዋል አይገባም። የሟች ቤተሰብ ሳይፈቅድ ፊታቸውን አይቅረጹ፤ መጀመሪያም ያለ ካሜራ መጥተው ቡና ይጠጡ።

የመድረክ ሰው (ለገጣፎ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመረጃ ጥያቄውን በዚህ ሳምንት በጽሑፍ አስገባለሁ፤ ወደ ሰንዳፋም ካሜራውን ትቼ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ ትረካውን እኔው ላንብበው ወይስ ድምፁ ከቀልድ ጋር የማይታወቅ ሰው ይሻላል?

የቀድሞ ዘጋቢ

እርስዎ ያንብቡት። የጠየቁት እርስዎ ከሆኑ ለመልሱም ኃላፊነቱን የሚወስደው ድምፅ የእርስዎ መሆን አለበት፤ ነገር ግን የመድረኩን ቅላጼ ይተዉና ለጎረቤትዎ በሚያወሩበት ድምፅ ይቅረጹት።