ልጅ ታሞ ከሆስፒታል ሆስፒታል መንከራተት መቼ ነው የሚቀረው?

የፒያሳዋ፦
ሰሞኑን ማታ የእህቴ ልጅ መተንፈስ አቃተው። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ይሰረጉዳል። የመጀመሪያው ሆስፒታል «ኦክስጅን ያለው አልጋ የለም፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ» አለን። አሁን ደህና ነው፤ ግን አንጀቴ አረረ። ለምን ቀድመው አይደዋወሉም?

ነርሷ፦
እህቴ፣ እንኳን እግዜር አተረፈላችሁ። ያ መሰርጎድ ወረፋ የማይጠብቅ ምልክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ድንገተኛ ልየታ፣ ኢታት የምንለው፣ ከባድ የትንፋሽ ችግር ያለበት ልጅ ወዲያው ይታከም ይላል። የሚላከውም ኦክስጅን ተደርጎለት ነው። ችግሩ በተቋማቱ መሃል ነው። ላኪው ደውሎ አልጋ ማረጋገጥ አለበት። የልጅ መድኃኒት በኪሎ ስለሚሰላ ኪሎውን፣ የተሰጠውን መጠንና ሰዓቱን መጻፍም አለበት። በሪፈር ወረቀት ሁሌ የምጨቃጨቀው ለዚህ ነው። «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ተጽፎበት ሲመጣ ያናድደኛል።

የአራት ኪሎው፦
የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ 939። ስልክሽ ላይ መዝግቢያቸው።

ዶክተሩ፦
መተባበር ያዋጣል። የጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2010 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች አግዘዋል። እዚሁ ሰፈር ያለ ጤና ጣቢያና ሆስፒታልም እንደዚያ ይያያዝ።

የፒያሳዋ፦
ጤና ጣቢያ ብንሄድስ ይደውሉልናል?

ነርሷ፦
አዎ፣ ግዴታቸው ነው። ሳይደውሉ ከላኩሽ «ማን ይቀበለናል?» ብለሽ ጠይቂ።