«ኢንዴቨር» በተባለው የእንግሊዝ የፖሊስ ድራማ ላይ ያለው ጆርጅ ፋንሲ በእርግጥ አድጎ ነበር?

የማታ ተረኛ፦
5ኛውን ሲዝን ያልጨረሰ ሰው ከዚህ በታች አያንብብ፣ ታሪኩን አበላሽበታለሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ አይቼ ጨረስኩት። ፋንሲ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። መጀመሪያ ሳየው ብዙም ልብ አላልኩትም ነበር። ዋናው ገጸ ባሕሪ መርማሪው ሞርስ እንዲያሠለጥነው የተጣለበት ጀማሪ ፖሊስ፣ ሁሉን ነገር ቀለል አድርጎ የሚይዝ፣ ዓይኑ ከሥራው ይልቅ ፖሊሷ ትሩላቭ ላይ የሆነ ልጅ ነው የመሰለኝ። ሞርስ ሲሰለቸው እኔም አብሬ ሰለቸሁት።

ዘንድሮ ግን መሥሪያ ቤት አንድ አዲስ ልጅ አለማምድ ተባልኩ። ባለፈው ሳምንት ሰነድ ሲሞላ ተሳሳተ። ምንም ሳልናገር ከእጁ ተቀበልኩና ራሴ ጨረስኩት። አጠገቤ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። መጀመሪያ ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ከዚያ ወንበሩን ያዘ። ማታ ሲዝኑን ስከፍት ሞርስ ፋንሲን የሚያይበት ዓይን የኔው ሆኖ አገኘሁት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ፋንሲ ያለው በዚህ ሲዝን ስድስት ክፍሎች ብቻ ነው። ልጁ በስድስቱ ክፍል መርማሪ ወደ መሆን እየሄደ ነበር? ወይስ ሲሞት እንድናዝን ብቻ ነው የተፈጠረው?

ባለ ኮፍያዋ፦
ሊያፈራ ሲል ተቀጨ ነው የምለው። ግን ጊዜ አላገኘም። እስቲ ሞርስ ካረጀ በኋላ በሚታይበት በቀድሞው ድራማ፣ በ«ኢንስፔክተር ሞርስ»፣ ረዳቱ ከነበረው ከሉዊስ ጋር አስተያየው። ሉዊስ ከ1987 እስከ 2000 ድረስ በ33 ክፍል ሳጅን ሆኖ ከረመ። ኢንስፔክተር ሆኖ የራሱን ድራማ ያገኘው በ2006 ነው። የሱ ሳጅን ሃታዌይም ኢንስፔክተር ሆኖ የመጣው በ2014 ነው። እነሱ ቀስ እያሉ ሲያረጁ አይተናል። ፋንሲን ግን ገና ስሙን ሳንለምደው ቀበርነው።

የድሮ ተመልካች፦
ጊዜ ብቻ አይደለም ወንድሜ። ሞርስ እንዴት እንደጀመረ አስታውስ። በ1965 ኦክስፎርድ ሲመጣ ሬሳ ማየት የማይችል፣ ደም ሲያይ የሚገረጣ ልጅ ነበር። አለቃው ተርስዴይ ግን አጠገቡ ያዘው። መኪና አስነዳው፣ ቤቱ አስገባው። ያቺን ሳንድዊች አስታውሳችኋል? የተርስዴይ ሚስት ለየቀኑ የተለየ ነገር ነው የምታስገባበት። ሞርስ ቀኑን አይቶ ምን እንዳለበት ያውቃል። ለኔ ትምህርቱ እዚያ ውስጥ ነበር። ሰውየው የዕለት ኑሮውን አልደበቀውም፣ ልጁም እያየ አደገ።

ሞርስ ተራው ሲደርስ የተቀበለውን አላቀበለም። ፋንሲን ከሥራ ሥራ ይልከዋል እንጂ ምን እያሰበ እንደሆነ አይነግረውም። ልጁ ምን አይቶ ይማር?

ሰማያዊ ደብተር፦
በሞርስ ላይ አትጨክኑበት። እሱም ገና አዲስ ሳጅን ነው። ማስተማርን ማንም አላስተማረውም። ደግሞ ታሪኩ ያለበት 1968 የኦክስፎርድ ከተማ ፖሊስ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጠቃሎ ቴምዝ ቫሊ የተባለበት ዓመት ነው። ጣቢያው ሊዘጋ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ወንበር እያሰበ ነው። እንዲህ ባለ ቤት መጀመሪያ የሚረሳው ጀማሪው ነው።

ለማንኛውም ፋንሲ አላደገም የሚለውን አልቀበልም። መጨረሻው ክፍል ላይ ማንም እጁን ሳይዘው፣ የወሮበሎቹ ተኩስ ወዳለበት ቦታ የደረሰ እሱ ነው። ሞርስ ያኔ ሌላ ቦታ አስተማሪ መስሎ ነው ያለው። ልጁ ብቻውን አሰበ፣ ብቻውን ሄደ። ዋጋው ሞት መሆኑ አሁንም ያንገበግበኛል።

ባለ ኮፍያዋ፦
«ብቻውን» ያልሽው ነው የኔም ሕመም። የሚጠይቀው ሰው ቢኖር ኖሮ ይደውል ነበር።

የማታ ተረኛ፦
የሳንድዊቿ ነገር ልቤን ነካው። ስንቴ አይቻት ሳቅ ብዬ አልፌያታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ልጁን ጠርቼ ያንን ሰነድ መልሼ ሰጠሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔ መጀመሪያ የት የት እንደምመለከት፣ ለምን ከታች እንደምጀምር እያወራሁ አሳየሁት። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ከበደኝ። ወደ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ሦስት ስህተት አገኘ። አንዷን እኔም አላየኋትም ነበር።

ማታ 6ኛውን ሲዝን እጀምራለሁ። ፋንሲ የሌለበትን ሲዝን ማየት ከበፊቱ ይልቅ እንደሚከብደኝ ይሰማኛል።