ፒቲአር አስገብቼም ጂሜይል ይመልስብኛል፣ ምን አጠፋሁ?

የሂርማታው፦
ሰላም ለቤቱ። ጅማ ነው ያለሁት፣ ቡና የሚልክ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሁሉ የኔ ስራ ነው፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የምጠራው እኔ ነኝ። እስከዛሬ ከገዢ ጋ የምንጻጻፈው በግል ጂሜይል ነበር፣ አለቃዬ የራሳችን አድራሻ ይኑረን ሲል ውጭ አገር ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ተከራይቼ ኡቡንቱ ላይ ፖስትፊክስና ዶቭኮት የሚባሉትን የኢሜይል ፕሮግራሞች ጫንኩ። መቀበል በደንብ ይቀበላል። ወደ ጂሜይል መልእክት ስልክ ግን ወዲያው ይመለሳል፣ 550 5.7.25 ይልና የላከው አይፒ ፒቲአር ሬኮርድ የለውም ወይ ስሙ ወደ አይፒው አይመለስም ምናምን የሚል ነገር ይጽፋል። ሳነብ ሪቨርስ ዲኤንኤስ (ከአይፒ ቁጥር ተነስቶ ስም መፈለግ) የሚባለው መሆኑ ገባኝ፣ ዶሜይኑን የገዛሁበት ጋ ገብቼ ሬኮርድ መጨመሪያው ላይ ፒቲአር የሚል ስላየሁ አይፒውን ጻፍኩ ሴቭ አልኩ፣ ሶስት ቀን ጠበቅኩ፣ ምንም። ሐሙስ የሊሙ ናሙና ዝርዝር ለገዢ መላክ ነበረብኝ ተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት፣ በጣም ነው ያፈርኩት።

አዌቱ ዳር፦
ወንድሜ ቦታው ነው የተሳሳተው፣ እኔም ወድቄበታለሁ። ዶሜይኑ ያንተ ነው፣ አይፒው ግን የተከራየኸው ነው። ከስም ወደ አይፒ የሚወስደውን ኤ ሬኮርድ ባለ ዶሜይኑ ይጽፋል፣ ከአይፒ ወደ ስም የሚመልሰውን ፒቲአር ግን የሚጽፈው ባለ አይፒው ነው። አይፒህ 203.0.113.25 ነው እንበል፣ ጂሜይል ገልብጦ 25.113.0.203 ይልና ከኋላው ኢን አድር ዶት አርፓ የሚል ጭራ ቀጥሎ ይጠይቃል፣ ያ ዞን ደግሞ ያከራየህ ድርጅት እጅ ነው። ስለዚህ አንተ ዶሜይንህ ላይ የጻፍከውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ተከራይ ሆነህ የግቢውን ካርታ በስምህ ላዙር እንደማለት ነው።
ቪፒኤሱን የተከራየህበት ፓነል ግባ፣ ኔትወርክ ወይ አይፒ የሚለው ስር ሪቨርስ ዲኤንኤስ የሚል ፈልግ፣ ከሌለ ቲኬት ክፈት። ዲጂታል ኦሽን ከሆነ ደግሞ የድሮፕሌቱን (ሰርቨሩን እንደዛ ነው የሚሉት) ስም ሙሉ ሆስትኔም ስታደርገው ፒቲአሩ ራሱ ይሰራል። የምትሰጣቸው ስም ሜይል ዶት ብሎ የሚጀምረውን ሙሉውን ይሁን፣ ኤ ሬኮርዱም ወደዛው አይፒ ይመለስ። ሄዶ ካልተመለሰ አይቆጠርም። ጂሜይል በፈረንጆቹ 2024 ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ትንሽም ላክ ብዙ ይሄን ግዴታ አድርጎታል።

ጅሬን፦
ይቅርታ ግን ለስንት ሰው ኢሜይል ነው ይሄ ሁሉ? ቡና ላኪ ናችሁ ወይስ ፖስታ ቤት? በወር ከፍላችሁ የተዘጋጀ አትጠቀሙም?

የሂርማታው፦
@ጅሬን አምስት ሰው ነን ሃሃ። ዌብሳይታችንም እዛው ቪፒኤስ ላይ ስለሆነ ነው፣ ሌላ የዶላር ክፍያ ጨምር ብል አለቃዬ የሚያየኝን አስተያየት አታውቀውም።
@አዌቱ ዳር ፓነሉ ላይ የለም፣ ቲኬት ከፈትኩ። መጀመሪያ የመለሰልኝ ሰውዬ የዶሜይን አቅራቢህን ጠይቅ አለኝ!! አንተ የጻፍከውን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ላክሁለትና ማታውኑ ሰሩት። አሁን ዲግ በሚባለው የዲኤንኤስ መጠየቂያ ትእዛዝ ላይ ሰረዝ ኤክስ አድርጌ አይፒውን ስጠይቅ ስሙ ይመጣል፣ ስሙን ስጠይቅ አይፒው ይመጣል። ጂሜይል ግን አሁንም ያው 5.7.25 ነው፣ ግራ ገባኝ።

ሎግ አንባቢዋ፦
የተመለሰው መልእክት ላይ ከ5.7.25 ቀጥሎ በቅንፍ ያለውን አይፒ እየው እስቲ። አራት ቁጥር ያለው ነው ወይስ ረጅም ሆኖ በሁለት ነጥብ የተከፋፈለ?

የሂርማታው፦
ኧረ ረጅም ነው፣ በ2001 የሚጀምር። እስካሁን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ሎግ አንባቢዋ፦
በቃ እሱ ነው። ቪፒኤስህ አይፒቪ6ም (ረጅሙ አዲሱ የአይፒ ዓይነት) ተሰጥቶታል፣ ፖስትፊክስ ወደ ጂሜይል በሱ እየወጣ ነው፣ ፒቲአሩን የሰሩልህ ግን ለአይፒቪ4ው ብቻ ነው። ወይ ለአይፒቪ6ም ፒቲአር አሰርተህ ስሙ ላይ ኳድ ኤ ሬኮርድ (የአይፒቪ6 ኤ ሬኮርድ) ትጨምራለህ፣ ወይ እንደኔ ሰነፍ ከሆንክ ሜይን ዶት ሲኤፍ በሚባለው የፖስትፊክስ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኢኔት ፕሮቶኮልስ የሚለውን አይፒቪ4 ብቻ ታደርገዋለህ። ሪሎድ አይበቃውም፣ ፖስትፊክስን አቁመህ እንደገና አስነሳው፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ተቃጥያለሁ። እግረ መንገድህን ማይ ሆስትኔም የሚለውንም እየው፣ ሰርቨሩ ሌላ ሰርቨር ጋ ሲደርስ ሄሎ ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ስም እሱ ነው፣ ካልነካኸው ቪፒኤሱ ሲሰራ የተሰጠው የማይረባ ስም ይሆናል። ከፒቲአሩ ጋ አንድ አድርገው፣ ጂሜይል ዝም ቢልህ እንኳን ሌላው ይቆጣል።

የሂርማታው፦
እህቴ እጅሽ ይባረክ!! ሰራ። መብራት ሄዶብኝ በስልክ ዳታ ገብቼ ነው ያስተካከልኩት፣ ማይ ሆስትኔሙም ልክ እንዳልሽው ቁጥር በቁጥር ነበር። ለራሴ ጂሜይል ልኬ ደረሰ፣ ግን ስፓም ውስጥ ነው የገባው። እና ሌላ ሁለተኛ ዶሜይን እዚሁ ሰርቨር ላይ ብጨምር ሌላ ፒቲአር ያስፈልገኛል?

አዌቱ ዳር፦
አያስፈልግም፣ ለአንድ አይፒ አንድ ፒቲአር ይበቃል፣ የፈለግከውን ያህል ዶሜይን በሱ ላክ። የስፓሙ ነገር ሌላ ነው፣ ኤስፒኤፍ (በዶሜይንህ ስም መላክ የሚችለው ማን እንደሆነ የሚናገር ሬኮርድ) እና ዲኪም (በመልእክቱ ላይ የሚቀመጥ ፊርማ) አለህ?

የሂርማታው፦
ኤስፒኤፍ አለ። ዲኪም ገና ነው።

አዌቱ ዳር፦
ኦፕንዲኪም ጫንና ካቃተህ አዲስ ጥያቄ ክፈት፣ ይሄኛው ረዘመ። ደግሞ ዶሜይኑ ላይ የጻፍከውን የመጀመሪያውን ፒቲአር አጥፋው፣ ነገ ሌላ ሰው አይቶት እሱ ነው የሚሰራው ብሎ እንዳይሳሳት።