ርካሽ ቤትና አውቶቡስ በአንድ ዕቅድ፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ከተሞች የዝቅተኛ ገቢ ቤቶችን ቦታ አንዱ መሥሪያ ቤት ይመርጣል፣ የአውቶቡስ መስመርን ሌላው ያወጣል። ሁለቱን በተግባር የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?

መልስ 1፦ ወጪውን ደምራችሁ አስሉ። ለቤት ከገቢ 30 በመቶ፣ ትራንስፖርት ሲጨመር 45 በመቶ የተለመደ ጣሪያ ነው። ዳር ያለ ቤት መኪና የግድ ካስፈለገው ርካሽነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ግን ርቀትን ብቻ አትመኑ። ፌርማታው 400 ሜትር ላይ ቢሆንም አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ብቻ ከመጣና አገልግሎቱ ገና በምሽት ከተቋረጠ፣ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ ሴት በምን ትመለስ? ካርታ ላይ በፌርማታው ዙሪያ ክብ መሳልም ያሳስታል፤ መሃል ላይ ፈጣን መንገድ ካለ 400 ሜትሩ ዞሮ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትክክለኛውን የእግር መንገድ ለኩ። ከዚያ በ45 ደቂቃ ስንት የሥራ ቦታ እንደሚደረስ ለጠዋት፣ ለምሽትና ለእሁድ ለየብቻ አውጡ። የእሁዱ ቁጥር ነው ጉዱን የሚያወጣው።

መልስ 3፦ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። የባቡር ጣቢያ ቦታ ይፋ ሲሆን የመሬት ዋጋ ይንራል፤ ተከራዩ ባቡሩ ሳይመጣ ይፈናቀላል። መሬቱ አስቀድሞ ይገዛ፣ የኪራይ ጣሪያውም በውል ይታሰር። በሕግ በኩል በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክለውን የ1968ቱን (እ.ኤ.አ.) የፍትሐዊ ቤት ሕግና የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል አብራችሁ አንብቡ፤ ሁለተኛው የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የትራንስፖርት ድርጅት በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር እንዳያገል ይከለክላል።