የልጆች ዐይን ላይ የሚሰፍረው ዝንብና የማጀቱ ዝንብ አንድ ናቸው?

ጠያቂ፦ እኅቴ የምትኖረው ደቡብ ጎንደር ገጠር ነው። ማጀቷ ንጹሕ ነው፤ ጥራጊ አይከማችም፣ ምግብ ሳይከደን አያድርም። የትንሿ ልጇ ዐይን ላይ ግን ደጅ ስትጫወት ዝንብ ይሰፍርባታል። ከየት ነው የሚመጣው?

መልስ 1፦ ዝንብ ያው ዝንብ ነው። ፍሊት ንፉበት።

መልስ 2፦ ፍሊቱ ይቆይ። ሁለቱ ቢመሳሰሉም ኑሯቸው ለየቅል ነው። የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ይህ ጉዳይ ያንገበግበኛል።

ማጀት የሚገባው ሙስካ ዶመስቲካ ይባላል። ፍግና የበሰበሰ ጥራጊ ላይ ይራባል፣ ቤት ገብቶ እንጀራው ላይ ያርፋል። ዐይን ላይ የሚሰፍረው በብዛት ሙስካ ሶርበንስ ነው፤ ውሎው ደጅ ነው። ጀርባቸውን ቀረብ ብለሽ እዪ። የማጀቱ አራት ጥቁር መስመር አለው፣ የዐይኑ ግን ሁለት ወፈር ያሉ።

ዐይን ላይ የሚበዙት ሴቶቹ ናቸው። እንቁላል ለመያዝ ፕሮቲን ይሻሉ፣ ከዐይናርና ከንፍጥ ያገኙታል። ከታመመ ልጅ ተነሥታ ጤነኛው ላይ ስታርፍ ዐይን የሚያሳውረውን የትራኮማን በሽታ ባክቴሪያ ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

እንቁላሏን የምትጥለው የት መሰለሽ? ሜዳ ላይ የተተወ የሰው ዐይነ ምድር ላይ! እበት ላይም ልትራባ ትችላለች፣ ግን እንደ ሰው ዐይነ ምድር አይስማማትም። ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ አትራባም። እና የእኅትሽ ማጀት ጥፋት የለበትም። ጣጣው ጓሮ ነው፤ የእሷም የጎረቤትም።

በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የጋምቢያ ጥናት አለ። መንደሩን መድኃኒት መርጨት ልጆች ዐይን ላይ የሚያርፉትን እነዚህን ዝንቦች በ88 በመቶ ቀነሰ፣ ሽንት ቤት መሥራት በ30 በመቶ። ርጭቱ በቁጥር ይበልጣል። ግን ገጠር ላይ ማን ዘወትር ይረጫል? እኔ ሽንት ቤቱን እመርጣለሁ።

ጠያቂ፦ ሽንት ቤትስ አላቸው። ትንሿ ግን ጉድጓዱን ስለምትፈራ ጓሮ ነው የምትቀመጠው። «የሕፃን ምን አለው» ይባላል።

መልስ 2፦ ዝንቧ የሕፃን፣ የአዋቂ ብላ አትመርጥም። ፖፖ ግዙላት፣ ወዲያው ጉድጓዱ ውስጥ ይደፋ። ፊቷንም ቶሎ ቶሎ እጠቡላት፤ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል። ዐይኗ የሚያዥ ወይም የሚቀላ ከሆነ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ጎረቤቶቹንም አነጋግሯቸው፤ ዝንቧ አጥር አያግዳትም።