እናቴ ከሞተች በኋላ አራት ወር ሙሉ ለጤናዋ ጸለይኩ

ከሪያድ የተመለስኩ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነው፣ ታገሱኝ።

ሪያድ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለም። የምጸልየው ሌሊት፣ ልብስ የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ነበር። መኝታዬም እዚያው ነው። ማሽኑ ላይ የእመቤታችንን ትንሽ ሥዕል አስደግፌ የዘወትር ጸሎቴን ከስልኬ አነባለሁ። ኮቴ ስሰማ ሥዕሏን በፎጣ እጠቀልላታለሁ። እንደዚያም ሆኖ ጸሎቴ ይጥመኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ እናቴ ታመመች። ኩላሊቷ ነው አሉኝ። ያለኝን ሁሉ ላኩ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስደውል ወንድሜ «ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ወስደናታል። ሱባኤ ይዛለች፣ ስልክ አታነሳም» አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፄን እየቀዳሁ በስልኳ እልክላት ጀመር። «እማዬ በርቺ፣ ተጠመቂ፣ ጠበሉን ጠጪ» እያልኩ። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሲሆኑ «ሰማችኝ» ብዬ እተኛለሁ። ፍልሰታን ጾምኩላት። ለሰው ምሳ እየሠራሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳልቀምስ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አርብ ፈቃድ ስወጣ፣ የአገሬ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ቡና አልተፈላም። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ስገባ ሁሉም ተነሡ። ያኔ ገባኝ።

እናቴ የሞተችው ሰኔ 24 ነው። አራት ወር ሙሉ አፈር ውስጥ ላለች ሴት «ጌታዬ ማርልኝ» ስል ነበር።

አሁን አገሬ ከገባሁ ስድስት ወሬ ነው። ኮተቤ ወንድሜ ቤት ነኝ። ሙት ዓመቷ ባለፈው ወር ወጣ። እንጀራ ስጋግር ዋልኩ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ጠበል የሚል ቃል ስሰማ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። የዋሹኝ በእሱ ነውና። ፍልሰታ ደግሞ ሊገባ ነው።

«ፈቃዱ ነው» አትበሉኝ፣ እሱን ጠግቤያለሁ። ያ ሁሉ ጸሎት የት ገባ? እንዲህ ያለ ጊዜ አልፎባችሁ እንደገና መጸለይ የቻላችሁ ካላችሁ፣ በምን ጀመራችሁ? የመጀመሪያዋን ትንሽ ነገር ብቻ ንገሩኝ።

የቄስ ሚስት፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ ይማርልሽ።

ጽሑፍሽን አንብቤ እንደጨረስኩ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ባለቤቴ ቄስ ናቸው፤ በቤታችን አርባና ሰማንያ ሳይቆጠር የዋለ ቀን የለም። ሰኔ 24 ያረፈች ሰው፣ ዕለቱን ጨምረን ስንቆጥር፣ አርባዋ ነሐሴ 3 ላይ ይውላል። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። እንግዲህ አስቢው። ካህናቱ ስሟን ጠርተው ፍትሐት ሲያደርሱ፣ አንቺም በዚያው ቀን በባዶ ሆድሽ ቆመሽ ስሟን እየጠራሽ ነበር። ማንም አልነገረሽም። ግን አርባዋ ላይ ነበርሽ።

ደግሞ ያልሽው «ማርልኝ» ነው። ካህናቱም ያሉት ይህንኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመውም ላረፈውም የምትለምነው ምሕረትን ነው። አንቺ ለሥጋዋ መስሎሽ ለመንሽ፣ እሱ ለነፍሷ ተቀበለው። እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

በሩ ድረስ ሄደሽ መመለስሽን እንደ ጥፋት አትቁጠሪው። ደጁን ሳሚና ተመለሺ። ሲበረታልሽ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ ቅዳሴውን ከውጭ ስሚ። እኔ ልጅ ቀብሬ አንድ ክረምት ሙሉ ዛፍ ሥር ነው ያስቀደስኩት። ዝናብ ሲመጣ ደጀ ሰላሙ ሥር እጠጋለሁ። ማንም ለምን አልገባሽም አላለኝም። የንስሐ አባት ካለሽ ደግሞ ቁጣሽን ሳትቀንሺ ንገሪያቸው።

መርዶ ማዘግየት የቆየ ልማዳችን ነው፣ ገባኝ። በጠበል ስም መዋሸት ግን አሳዝኖኛል። ይህን ሳልል ብቀር ቅር ይለኛል።

ከሐዋሳ

እህቴ፣ እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። ላረፉት በመጸለይ ጉዳይ ከላይ የጻፉልሽ እናታችን ያላቸው እምነት የለኝም፤ እዚህ ግን የምከራከርበት ቦታ አይደለም። የራሴን ልንገርሽ።

በ2012 የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። መዘምር ነበርኩ። ስድስት ወር አፌን መክፈት አልቻልኩም። እሁድ እሁድ ባለቤቴን በር ላይ አድርሼ እመለሳለሁ፤ ልክ እንዳንቺ።

ዮሐንስ ምዕራፍ 11ን አንብቢው። አልዓዛር ሲታመም እህቶቹ ወደ ጌታ ላኩበት፣ አልመጣም። ሲደርስ አራት ቀን አልፎታል። ማርታ ወጥታ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ማርያምም ስትመጣ ያንኑ ደገመችው። ሁለቱ እህትማማቾች አራቱን ቀን ሲባባሉት የከረሙት ነገር መሰለኝ። ጌታ አልገሠጻቸውም። አለቀሰ፣ ከዚያም ወደ መቃብሩ ሄደ።

የመጀመሪያዋ ትንሽ ነገር ላልሽው፣ እኔ የጀመርኩት በዚያች በማርታ ወቀሳ ነው። ማታ ማታ 21ኛውን ቁጥር ብቻ ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ወንድሜ» በሚለው ቦታ «ልጄ» እላለሁ። ከዚያ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲሁ ሄደ። አንድ ማታ ልዘጋ ስል ባለቤቴ እጄን ይዛ ቀጣዩን ቁጥር አነበበችው። «አሁንም» ብሎ ነው የሚጀምረው። «አሁንም ከእግዚአብሔር የምትለምነውን ሁሉ እግዚአብሔር እንዲሰጥህ አውቃለሁ።» ወንድሟ ገና መቃብር ውስጥ ነው እኮ ይህን ስትል! በዚያች በ«አሁንም» ላይ ሁለታችንም አለቀስን። መዝሙሩ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

የቤይሩት ተመላሽ

እግዚአብሔር ያጽናሽ የኔ እህት። መልስ የለኝም። እኔም ኮተቤ ነኝ። በር ላይ ብቻሽን ከምትቆሚ አብረን እንቁም። በውስጥ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድም

የዋሸሁ ሰው እኔ ነኝ። ያንቺ ወንድም አይደለሁም፣ ግን እሱ ያደረገውን አድርጌያለሁ።

አባታችን ሲሞት እህቴ ኩዌት ነበረች። ብቻዋን ናት፣ የሚያጽናናት የለም፣ አንድ ነገር ትሆንብናለች ብለን ፈራን። «ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል» አልናት። ሁለት ወር። በደወለች ቁጥር እየሳቅሁ አወራትና ስልኩን ስዘጋ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ለራሴ ሐዘን ጊዜ አልነበረኝም። እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች፣ እውነት አላት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን ሰማያዊ ምልክት ማን ነበር የሚያመጣው? ድምፅሽን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነበረ ማለት ነው። ወንድምሽን «ለምን ዋሸኸኝ» ብለሽው ይሆናል። «እነዚያን ወራት እንዴት አሳለፍካቸው» ብለሽ ጠይቂው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ከሪያድ የተመለስኩ

ሰላም። ዘጠኝ ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤያለሁ።

እናታችን፣ አርባዋን እኔ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ተባረኩልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ወንድሜን ጠየቅሁት። ማታ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ። የእማዬን ስልክ በየቀኑ ቻርጅ እያደረገ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። የላክሁላትን በሙሉ ሰምቷል። ለእንቁጣጣሽ የዘፈንኩላትን መቃብሯ ድረስ ወስዶ ከፍቶላታል።

ስለ ጠበሉም ጠየቅሁት። ከማረፏ ሦስት ቀን በፊት «ጻድቃኔ ውሰዱኝ» ብላው ነበር። መኪና ሲያፈላልግ ቀደመችው። ስደውልለት አፉ ላይ የመጣለት እሷ ልትሄድበት የፈለገችው ቦታ ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን በጨለማ አላየሁትም፣ እጁን ነው የያዝኩት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገና አልገባሁም። እሁድ ግን ከቤይሩቷ እህት ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠን አስቀደስን። የማርታንም ቁጥር ማታ ማታ አነባለሁ። «አሁንም» የሚለው ጋ አልደረስኩም።

ለነሐሴ 3 ጻድቃኔ ልንሄድ ነው፣ ሦስታችንም። መኪናውን ወንድሜ አስቀድሞ ያዘው። እኔ ትናንት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ገዛሁ።