የሞዴል አውሮፕላን ማህበር የፍላፕ ሰርቮ ስልጠናና የጋራ መለማመጃ ክንፍ፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እናርመው

ባህር ዳር (ሀሳቡን ያቀረበው)፦
ሰላም ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ክረምቱ ገብቷል፣ ሜዳውም ጭቃ ነው፣ የበረራ ፈቃዱም ገና አላለቀም፣ እና ፈቃድ ሳይኖረን ምንም ነገር አናስነሳም ተባብለናል፣ ስለዚህ እስከ መስከረም ጠረጴዛ ላይ የምንሰራው አንድ ቁም ነገር ይኑረን ባይ ነኝ። የኔ ሀሳብ ፍላፕ ነው፣ ያ ከክንፉ ኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል። ለምን ብትሉኝ እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው፣ ባህር ዳር ወደ 1800 ሜትር ነው፣ ማርቆስማ 2400ን ያልፋል፣ አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም መፍጠን አለበት። ማርቆስ ላይ የአየሩ እፍግታ ከባህር ጠለሉ 78 በመቶ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ያው አውሮፕላን 13 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው ለማረፍ የሚመጣው። በዛ ፍጥነት ያልተስተካከለ ሜዳ ላይ ማረፊያ እግሩ አይተርፍም። ፍላፕ ይሄን ፍጥነት ይቀንስልናል፣ ግን ግራና ቀኙ እኩል ካልወረደ መሬት አጠገብ አውሮፕላኑን ያጋድለዋል፣ እዛ ላይ ደግሞ ለማስተካከያ የሚሆን ከፍታ የለም። ስለዚህ አንድ የጋራ ክንፍ በፎም ሰርተን፣ ሁለት ባለ 9 ግራም ሰርቮ (ፍላፑን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ገጥመን፣ ሁላችንም በሱ ላይ እንማር። እስቲ ሀሳባችሁን ጣሉበት።

ደብረ ማርቆስ፦
እኔ ደግፌያለሁ። ግን ወጪው ይታሰብበት፣ ሁለቱን ፍላፕ በአንድ ዋይ ገመድ (አንዱን ሲግናል ለሁለት ሰርቮ የሚያካፍል ገመድ) አንድ የራዲዮ ቻናል ላይ ብናስር አይበቃም ወይ? ብዙዎቻችን ያለን ፍላይስካይ አይ6 ራዲዮ ነው፣ 6 ቻናል ብቻ ነው ያለው።

ቡሬ፦
ወንድሜ ዋይ ገመድ ለኤይለሮን (አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ ለሚያጋድሉት የክንፍ ክፍሎች) ነው የሚመቸው። ሁለቱን ሰርቮ እንደ መስታወት ፊት ለፊት አርገህ ስትገጥማቸው ባንድ ሲግናል አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሄዳል፣ ኤይለሮን የሚፈልገውም ይሄንኑ ነው። ፍላፕ ግን ሁለቱም መውረድ አለባቸው፣ ስለዚህ በዋይ ገመድ ከሆነ ወይ ሁለቱንም ሰርቮ ወደ አንድ ጎን ማዞር ነው ወይ ሪቨርሰር (የአንዱን ሰርቮ አቅጣጫ የሚገለብጥ) መግዛት ነው፣ ከዛ በኋላም አንዱን ብቻ ነጥለህ ማስተካከል አትችልም። ቻናሉ ደግሞ ይበቃናል፣ ቁጠረው፣ ኤይለሮኖቹ በዋይ ገመድ 1፣ ኤሌቬተር (አፍንጫውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው)፣ ትሮትል (የሞተሩ ጉልበት)፣ ረደር (የጭራው መሪ)፣ ለፍላፕ 5ኛና 6ኛ። አለቀ።

ደብረ ማርቆስ፦
እሺ ገብቶኛል፣ የዋይ ገመዱን ሀሳብ አንስቻለሁ። ኤይለሮን ላይ ይቀመጥ።

ፍኖተ ሰላም (መምህርቷ)፦
እኔ ፕሮፖዛሉ ውስጥ በደንብ እንዲጻፍ የምፈልገው የሰርቮዋን ክንድ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሮጦ ራዲዮው ሜኑ ውስጥ ይገባል፣ ስራው ያለው ግን ክንዱን ከፍላፑ የሚያገናኘው ሽቦ ላይ ነው። ፍላፕ ከክንፉ በላይ አይወጣም፣ የሚሄደው ወደ ታች ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቮዋ መሃል ላይ፣ 1500 ማይክሮ ሰከንድ ሲግናል ላይ ሆና ክንዷ ቀጥ ሲል፣ ፍላፑ በግማሽ ወርዶ ነው መታሰር ያለበት። መሃሏን ከተዘጋ ፍላፕ ጋር ካሰራችኋት የጉዞዋ ግማሽ ባከነ፣ ጉልበቷም እንደዛው። ሌላው፣ የትንሿን ሰርቮ ክንድ አውልቃችሁ አንድ ጥርስ አዙራችሁ ስትመልሱት ከ15 ዲግሪ በላይ ነው የሚዘለው፣ ስለዚህ ግራና ቀኙን በጥርስ ብቻ እኩል ማምጣት አይቻልም፣ የቀረውን በሽቦው ርዝመት ነው የምትጨርሱት። ሳብትሪም (የሰርቮዋን መሃል በራዲዮው ሜኑ ማስተካከያ) ለመጨረሻዋ ትንሽ ነገር ብቻ ትቀመጥ። ከዛ በማስመሪያ ከክንፉ ኋላ ጠርዝ ሶስት ቦታ ይለካ፣ ዝግ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ጫፍና ጫፉ እኩል ሆኖ ግማሹ ላይ ከተለያየ የክንዱ ቀዳዳ ወይ የሆርኑ (ፍላፑ ላይ ሽቦው የሚታሰርበት) ቦታ ግራና ቀኝ አልተመሳሰለም ማለት ነው፣ ኤንድ ፖይንት (የሰርቮዋን ጉዞ ጫፍ በራዲዮው መወሰኛ) ብታሽከረክሩ አይድንም፣ መፍታት ነው ያለባችሁ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ አልፏል አይባል።

ባህር ዳር (ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ)፦
መምህርት ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ አንድ ልጨምር። ፍላፑ ሲዘጋ ክንፉ ላይ ተጭኖ ሰርቮዋ ዝዝዝ የምትል ከሆነ እዛው ላይ ቁሙ። መድረሻ አጥታ ስትገፋ ከግማሽ አምፔር በላይ ትስባለች፣ ስድስት ሰርቮ ደግሞ ባንድ ባለ 2 አምፔር ቤክ (ለሰርቮና ለሪሲቨር ኃይል የሚሰጠው) ላይ ነው የምትሰቅሉት፣ ቮልቴጁ ወረደ ማለት ሪሲቨሩ (የራዲዮውን ትዕዛዝ የሚቀበለው) ጠፋ ማለት ነው። ኤንድ ፖይንቱ ድምፁ እስኪጠፋ ይቀነስ፣ ይሄ በፕሮፖዛሉ ግዴታ ተብሎ ይጻፍ። ሽቦውን ከሳይክል ጎማ ማውጣት ይቻላል፣ ባህር ዳር ሳይክል ሞልቷል፣ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ አይጎብጥም። ግን የሰርቮዋ ቀዳዳ ለሱ ይጠባልና በቀስታ ይስፋ፣ ሰፍቶ ከወዛወዘ ፍላፑ አየር ላይ ይርገበገባል።

ደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ እናመሰግናለን። የኤሌቬተሩስ ነገር? ክንፉ ከላይ የተገጠመ አውሮፕላን ፍላፕ ሲወርድ አፍንጫውን ያነሳል፣ ሚክስ (ፍላፑ ሲወርድ ኤሌቬተሩን አብሮ የሚያንቀሳቅስ የራዲዮ ቅንብር) ያስፈልጋል፣ እና ስልጠናው ውስጥ ይግባ ወይስ ይቆይ?

ባህር ዳር (ሀሳቡን ያቀረበው)፦
ሚክሱ ምን ያህል እንደሆነ ጠረጴዛ ላይ አይታወቅም፣ ከፍ ተብሎ አየር ላይ ነው የሚሞከረው፣ ስለዚህ ሜኑው የት እንዳለ ብቻ እናሳይና ቁጥሩን ከፈቃዱ በኋላ እናምጣው። ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ማህበሩ አንድ የጋራ መለማመጃ ክንፍ ይሰራል። ፍላፖቹ በየራሳቸው ቻናል፣ ኤይለሮኖቹ በዋይ ገመድ ይሆናሉ። መጀመሪያ ክንድና ሽቦ ተስተካክሎ ከዛ ራዲዮ ይነካል። ለመነሻ እስከ 15 ዲግሪ፣ ለማረፊያ ከ30 እስከ 40። ፍላፑ ወርዶ ለመጨረስ 2 ሰከንድ ያህል ይውሰድ። የሶስቱ ቦታ ልክ በወረቀት ተሞልቶ ሌላ አባል ሳይፈርምበት ማንም ፍላፕ ያለው አውሮፕላን ለበረራ አያቀርብም።»

ፍኖተ ሰላም (መምህርቷ)፦
«ሌላ አባል» የሚለው ላይ «በገጠመው ሰው ሳይሆን በራሱ እጅ ለክቶ» የሚል ይግባበት። አይቶ መፈረም አይበቃም።

ቡሬ፦
ይግባ። ቀስ የማድረጊያው ነገር ግን ሁሉም ራዲዮ ላይ የለም፣ «ራዲዮው የሚችል ከሆነ» በሉት፣ ለማይችለው በስዊች ፋንታ በኖብ (በሚዞረው ቁልፍ) ቀስ አርጎ ያውርድ።

ባህር ዳር (ሀሳቡን ያቀረበው)፦
ሁለቱም ገብቷል። ፎሙን እኔ አመጣለሁ፣ ሽቦውን ጋሼ፣ የመለኪያ ወረቀቱን መምህርት ታዘጋጅ፣ ቡሬ ሰርቮ ቴስተርህን (ያለ ራዲዮ ሰርቮ መሞከሪያውን) ይዘህ ና። ማርቆሶች የቀረ ነገር ካላችሁ እስከ እሁድ ጻፉልኝ፣ ሰኞ ለሰብሳቢው አስገባለሁ።